የታሪክ ገጸ ባሕርይ ምንድን ነው? የመካከለኛውን ዘመን ሰው አሳምኖ ስለ መላበስ

በአውሮፓና በአሜሪካ የመካከለኛውን ዘመን ኑሮ ለብሰው፣ አብስለውና ሠርተው መልሰው ለማሳየት የሚተጉ ብዙ ማኅበራት አሉ። እ.ኤ.አ. በ1966 በካሊፎርኒያ በርክሌይ የተመሠረተው ሶሳይቲ ፎር ክሪኤቲቭ አናክሮኒዝም ከታወቁት አንዱ ነው። በስዊድኗ ቪስቢም ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ የመካከለኛው ዘመን ሳምንት ይከበራል። በእንደዚህ ያለ ቦታ አንድ አባል ለራሱ የሚፈጥረው የዘመኑ ማንነት ፐርሶና ወይም የታሪክ ገጸ ባሕርይ ይባላል። በታሪክ ስሙ ያልተጻፈ፣ ግን በዚያ ዓመት በዚያ ቦታ ሊኖር ይችል የነበረ ሰው ማለት ነው።

ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ ልዑል ወይም ባላባት መሆን ያምረዋል። እኔ ሠርቶ የሚያድር ሰው እንዲመርጥ አጥብቄ እመክራለሁ። የንጉሥ ሕይወት ተጽፎ ያለቀ ስለሆነ ለመፍጠር ቦታ አይተውም። የባላባት ጥሩርም ዋጋው አይቀመስም። ሙያ ያለው ሰው ግን ጎብኚ ሲመጣ እጁ ሥራ አይፈታም፤ ከሥራውም ጨዋታ ይመጣል።

ለምሳሌ በ1381 በእንግሊዝ ኤሴክስ፣ በኮልቸስተር ከተማ የምትኖር የ40 ዓመት ሴት እናስብ። ስሟን አሊስ እንበላት፤ በዘመኑ በጣም የተለመደ ስም ነው። የምትተዳደረው ኤል የተባለውን የብቅል መጠጥ ጠምቃ በመሸጥ ነው። ብቅል፣ ውሃና እርሾ እንጂ ሆፕስ የሚባለው መራራ ተክል ስለማይገባበት በጥቂት ቀናት ይኮመጥጣል። ስለዚህ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ መጥመቅ አለባት፤ የእሷ ሲያልቅባት ደግሞ ከጎረቤት ትገዛለች። ጠመቃው ሲደርስ በደጃፏ ላይ ረጅም እንጨት ታወጣለች፤ እኛ አገር እንጨት ላይ ጣሳ ደፍተው ጠላ መኖሩን እንደሚያሳውቁት መሆኑ ነው። በለንደን ይህ እንጨት አላፊ አግዳሚውን ስላስቸገረ በ1375 ከ7 ጫማ በላይ ወደ መንገድ እንዳይወጣ ተደንግጎ ነበር።

መሸጥ ከመጀመሯ በፊት የከተማው ቀማሽ መጥቶ መቅመስ አለበት። ዋጋውንም እንዳሻት አትቆርጥም፤ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የወጣ ሕግ ዋጋውን ከእህል ገበያ ጋር አስሮታል። ጠማቂዎች በየጊዜው በገንዘብ ይቀጡ ስለነበር ቅጣቱ በብዙ ቦታ እንደ ንግድ ፈቃድ ክፍያ ይቆጠር ነበር። የብዙዎቹ ጠማቂ ሴቶች ስም ለእኛ የደረሰውም በእነዚህ የችሎት መዝገቦች ነው። እንዲህ ያለውን መዝገብ ያነበበች ተዋናይት «ምን እየሠራሽ ነው?» ብሎ ለሚጠይቃት ጎብኚ መልስ አታጣም። ቀማሹ ዘግይቷል፣ ገብስ ተወድዷል፣ ያለፈው ጠመቃ ደግሞ ሳይሸጥ ኮምጥጧል።

ቀጥሎ የሚመጣው የዕድሜ ስሌት ነው፤ ለእኔ ከሁሉም በላይ ሰው የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። በ1381 አርባ ዓመት የሞላት ሴት በ1348 እና 1349 ታላቁ ወረርሽኝ አገሩን ሲጨርስ የሰባትና የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ከቤተሰቧ ማን ተረፈ? ማን አሳደጋት? ከእልቂቱ በኋላ ሠራተኛ በመጥፋቱ ደመወዝ ወደ ላይ ወጣ፤ በ1351 የወጣው ሕግ ደግሞ ወደ ቀድሞው ሊመልሰው ሞከረ። ከዚያ ከ15 ዓመት በላይ በሆነ ሰው ሁሉ ላይ የ12 ፔኒ የነፍስ ወከፍ ግብር ተጣለ። በንጉሡ ጦር እግረኛ ቀስተኛ በቀን የሚያገኘው 3 ፔኒ ስለነበር፣ ግብሩ የአራት ቀን ደመወዙን ይወስድ ነበር ማለት ነው። በዚያው በ1381 ኤሴክስ ቀድሞ፣ ጎረቤቱ ኬንትም ተከትሎ በአመፅ ተነሡ።

ስለዚህ ዓመቱን መምረጥ ብቻ አይበቃም፣ ወሩም መታወቅ አለበት። በግንቦት አሊስ ግብር ሰብሳቢውን በደንበኞቿ ፊት ልትረግም ትችላለች። በመከር ግን ዐመፀኞቹ ተሰቅለዋል፤ ስለዚህ አንደበቷን ትቆጥባለች። ይህን ለውጥ በድምፅዋ የምታሳይ ተዋናይት ልብሷ ተራ ቢሆን እንኳ ታሳምናለች።

የማታውቀውን ለይቶ መያዝም የዚህኑ ያህል ያስፈልጋል። ድንች፣ ቲማቲምና በቆሎ ወደ አውሮፓ የገቡት ከ1492 በኋላ ስለሆነ በድስቷ ውስጥ ቦታ የላቸውም። ፊደል አልቆጠረችም፤ የዱቤ ሒሳቧን በእንጨት ላይ በተቀረጸ ምልክት ትይዛለች። ኪራይ የምትከፍልበትን ቀንም በቅዱስ ሚካኤል በዓል ታስታውሳለች። አንዳንድ ተዋናዮች «እኔ አሊስ ነኝ» ብለው ከዘመኑ ሳይወጡ ይናገራሉ፤ ሌሎች ልብሱን ለብሰው እንደ ዛሬ ሰው ያስረዳሉ። ሁለቱም ያስኬዳል። በመካከል መዋዠቅ ግን ጎብኚውን ግራ ያጋባል።

በውጭ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ከእነዚህ ማኅበራት ወደ አንዱ ቢገባ የግድ እንግሊዛዊ መምሰል የለበትም። የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች በ1402 ቬኒስ ደርሰዋል። በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተላኩ ሰዎችም በ1441 በጣልያን በተካሄደው የፍሎረንስ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ተገኝተዋል። ከእነዚህ መነኮሳት ጋር የተጓዘ አንድ ረድእ ጥሩ ገጸ ባሕርይ ይወጣዋል። የሚጸልየው በግዕዝ ነው፤ ጾሙን በፍሎረንስ ገበያ ውስጥ እንዴት እንደሚጠብቅ ያሳስበዋል፤ ከጣልያኖቹ ጋር የሚግባባውም በአስተርጓሚ ነው። ለዚህ ሰው ምግብ የሚያዘጋጅ ግን አንድ ነገር ልብ ይበል፦ ቀይ በርበሬ ከአሜሪካ የመጣ ተክል ስለሆነ የ1441 ሰው ወጥ ዛሬ እንደምናውቀው ቀይ አይሆንም፤ ቃናውን ከሌላ ቅመም ማግኘት ያስፈልጋል።