በቴሌግራም የሚዞሩ የአማርኛ መጻሕፍት፦ ሕጉ፣ ገበያውና ኅሊናው

ቴሌግራም ላይ የአንድ ታዋቂ ልብወለድ ርዕስ ብትጽፉ ፋይሉ ወዲያው ይመጣላችኋል። አንዱ ቻናል ቢዘጋ ሌላው አለ። መጽሐፉ ብዙ ጊዜ በስልክ ካሜራ ገጽ በገጽ የተነሳ ነው፤ አንዳንዴ የአንሺው አውራ ጣት ጥግ ላይ ይታያል። አንድ ሰው ተቀምጦ ያን ሁሉ ገጽ ያነሳል፣ ወደ ፒዲኤፍ ይቀይራል፣ ይለቃል፤ ከዚያ በኋላ ማን እንደጀመረው የሚያስታውስ የለም። የሚያስቀው ነገር፣ ብዙ ቻናሎች ሌላው እንዳይወስድባቸው የራሳቸውን ስም በየገጹ መሃል ያትማሉ። ሌባም ሌባ ይፈራል።

ነገሩ በቴሌግራም አልተጀመረም። እዚህ አገር መጽሐፍ መቅዳት የተከበረ ሥራ ነበር። በብራና ዘመን ቁም ጸሐፊው መጽሐፉን ሲገለብጥ ማንም ሌባ አላለውም፤ እንዲያውም ጽድቅ ነው። የሚወገዘው ሌላ ሰው ነው፦ ብራናውን የሰረቀ ወይም ጽሑፉን የፋቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል ግዝት በብዙ የብራና መጻሕፍት ላይ ይገኛል። ኋላም ሰፈር ውስጥ ልብወለድ በቀን ሒሳብ የሚያከራዩ ሱቆች ነበሩ። ደራሲው ከዚያ ኪራይ ሳንቲም አያገኝም፣ ግን ማንም ቅር አይለውም ነበር። በ1975 ዓ.ም. የታተመው የበዓሉ ግርማ ልብወለድ «ኦሮማይ» ደግሞ ወዲያው ከገበያ ሲሰበሰብ በሕይወት ያቆየው በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ መዞሩ ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው አንባቢ «ማካፈል ወንጀል ነው» ሲባል ቶሎ ባይዋጥለት አይገርምም።

ሕጉ ግን ግልጽ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ደራሲ መብት የደነገገው ነበረው፤ አሁን የሚሠራው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፣ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ እስከ 50 ዓመት ይቆያል። ለግል መጠቀሚያ አንድ ቅጂ ማድረግ ይፈቀዳል፤ የደራሲውን ጥቅም ያላግባብ የሚጎዳ ሲሆን ግን አይፈቀድም። ሺህዎች ለተሰበሰቡበት ቻናል መልቀቅ በምንም መንገድ የግል መጠቀሚያ ሊባል አይችልም። ሆን ብሎ መብቱን የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። ቅጣቱ ከባድ ነው፣ ምናልባትም ከመጠን በላይ ከባድ፤ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፒዲኤፍ ስለለቀቀ 5 ዓመት ይታሰር ብሎ የሚከስ ደራሲ ይኖራል ብዬ አላስብም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። አማርኛ መጽሐፍ የሚያሳትመው በአብዛኛው ደራሲው ራሱ ነው። አሳታሚ የሚባለው ብዙ ጊዜ ስም ብቻ ነው። ደራሲው ያጠራቀመውን ያወጣል ወይም ከዘመድ ይበደራል፣ ማተሚያ ቤቱን ይከፍላል፣ ከዚያ አከፋፋዩ ዳጎስ ያለ ድርሻውን ወስዶ የቀረው ቀስ እያለ ይመጣለታል። ወረቀቱ በአብዛኛው ከውጭ ስለሚገባ በዶላር ነው የሚገዛው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በአጭር ጊዜ ከ100 ብር ሲያልፍ፣ የኅትመት ዋጋም አብሮ ሄደ። ስለዚህ አንድ አዲስ መጽሐፍ በወጣ በሁለተኛው ሳምንት ቴሌግራም ላይ ሲገኝ የሚጎዳው ሀብታም ኩባንያ አይደለም። እዳውን ገና ያልከፈለ ሰው ነው።

በሌላ በኩል አንባቢውንም እዩት። መጽሐፍ በብዛት ያለው አዲስ አበባ ነው፦ ለገሃር፣ ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ፣ አራት ኪሎ፣ አዟሪው ደረቱ ላይ ቆልሎ የሚዞርበት መንገድ ሁሉ። ከክልል ከተማ ወጣ ስትሉ የመጽሐፍ መደብር ብርቅ ነው። ቤይሩት ወይም ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ደግሞ ብትፈልግስ ከየት ትገዛለች? ብዙዎቹ ዩቲዩብ ላይ ትረካ ያዳምጣሉ፤ ከትረካውም ብዙው ያለ ደራሲው ፈቃድ የተነበበ ነው፣ የማስታወቂያው ገቢም ለተራኪው።

እኔ እንደሚመስለኝ ዋናው ጥያቄ መጽሐፉ ገበያ ላይ አለ ወይ የሚለው ነው። ከታተመ 40 ዓመት ያለፈው፣ ወራሾቹ የማይታወቁ፣ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ እንኳ የጠፋ ሥራ ስካን ተደርጎ ቢለቀቅ፣ ሕጉ ባይፈቅድም ለቃቂውን ለመውቀስ አፌ አይፈታም። ለዚህ መልስ መስጠት የነበረባቸው ቤተ መጻሕፍትና ወራሾች ናቸው። ገበያ ላይ ያለ፣ ደራሲው በሕይወት ያለ መጽሐፍ ግን ሌላ ነው። «ማስታወቂያ ይሆንለታል» የሚለው ክርክር እምብዛም አይዋጥልኝም፤ ያ ውሳኔ የደራሲው እንጂ የቻናሉ ባለቤት አይደለም። በተለይ ቻናሉ ተከታይ ሰብስቦ የውርርድ ድርጅት ማስታወቂያ የሚለጥፍበት ከሆነ «ንባብን ለማስፋፋት ነው» ማለቱ ይቅርብን።

ደራስያኑም ንጹህ ናቸው ማለት አይቻልም። በዓለም ገበያ የተሸጡ የውጭ መጻሕፍት አማርኛ ትርጉሞች ከየት እንደመጡ ጠይቁ። አንዱ መጽሐፍ በሁለትና በሦስት ሰው ተተርጉሞ ጎን ለጎን ይሸጣል፤ ብዙዎቹ ያለ ፈቃድ ናቸው። አዋጅ 410 ሲወጣ ኢትዮጵያ አገሮች አንዱ የሌላውን ደራሲ መብት እንዲያስከብሩ የሚያስገድደው የበርን ስምምነት አባል ስላልነበረች ውጭ የታተመ የውጭ ዜጋ ሥራ እዚህ የነበረው ጥበቃ የሳሳ ነበር። ሕጉ ክፍተት ቢሰጥም፣ የራሱ ትርጉም በፒዲኤፍ ሲለቀቅ «ድካሜን ዘረፉኝ» የሚል ተርጓሚ ዋናውን ደራሲ ጠይቆ እንደሆነ ማጣራት ነው።

የማስተማሪያ መጻሕፍት ነገርም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የሕክምና ተማሪ በዶላር የሚሸጥ መጽሐፍ ሊገዛ አይችልም፤ ቢችልም ዓለም አቀፍ ካርድ የለውም። ድሮ ፎቶ ኮፒ ቤት ይሄድ ነበር፣ ዛሬ መጻሕፍትን ያለ ፈቃድ በነጻ የሚለቁትን ላይብረሪ ጀነሲስን ወይም ዜድ ላይብረሪን የመሳሰሉ ድረ ገጾች ይከፍታል። አሜሪካ በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. የዜድ ላይብረሪን አድራሻዎች ብትወርስም ድረ ገጹ ተመልሷል። ለምርምር ጽሑፎች ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባል፣ እንደ ኢትዮጵያ ላሉ አገሮች ተቋማት በነጻ የሚከፈት ሕጋዊ መንገድ አለ። መምህራን ለተማሪዎቻቸው ቢያሳዩት ጥሩ ነበር።

በሕጋዊ መንገድ ለመሸጥ የሚሞክሩም አሉ። ተራኪ በድምፅ፣ አፍሮ ሪድ በጽሑፍ፣ በስልክ አፕ ያቀርባሉ። አንዳንድ ደራሲ ደግሞ ሶፍት ኮፒውን ራሱ በቴሌብር ይሸጣል፤ ጣጣው፣ ከገዢዎቹ አንዱ በማግስቱ ቻናል ላይ ከለቀቀው ሥራው አለቀ። ዓይነ ስውራንን በተመለከተ ኢትዮጵያ የማራካሽ ስምምነትን በ2020 እ.ኤ.አ. ተቀብላለች፤ ስምምነቱ ለማየት ለተሳናቸው ያለ ደራሲው ፈቃድ ተደራሽ ቅጂ ማዘጋጀትን ይፈቅዳል። በቴሌግራም የሚዞረው ፒዲኤፍ ግን ለእነሱም አይረባም። የገጽ ፎቶ ስለሆነ ስልኩ አንብቦ ሊያሰማቸው አይችልም።