የካሌይዶስኮፕ ብሎክ ምንድን ነው?

ከአንድ አበባማ ጨርቅ ላይ ልክ አንድ ዓይነት የሆኑ ስድስት ሶስት ማዕዘኖች ቁረጡ። አንድ አንድ ጫፋቸውን መሃል ላይ አገናኙ። ጨርቁ ላይ ጭራሽ ያልነበረ ንድፍ ይወጣል። ቅጠሉ ኮከብ ይሆናል፤ የአበባው ግንድ ቀለበት ይሠራል። የካሌይዶስኮፕ ብሎክ ይሄ ነው፤ ካሌይዶስኮፕ ውስጡ ባሉ መስታወቶች የሚደጋገም ንድፍ የሚያሳይ፣ በዓይን የሚያዩበት ቱቦ ነው። ኩዊልት፣ ማለትም ከቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ የሚሰፋው ድርብ አልጋ ልብስ፣ ከብዙ እንዲህ ያሉ ብሎኮች ይሠራል።

ነገሩ ሁሉ የቆመው በህትመቱ ድግግሞሽ ላይ ነው። የጨርቅ ህትመት ብዙውን ጊዜ በሚሽከረከር ሲሊንደር ይሠራል። ሲሊንደሩ አንድ ዙር በጨረሰ ቁጥር ያው ሥዕል እንደ አዲስ ይጀምራል። አንድ ቀይ አበባ ምረጡና የጨርቁን ዳር ይዛችሁ ውረዱ። ያው አበባ፣ በግራው ያው ቅጠል፣ ከሥሩ ያው እንቡጥ ተመልሶ ሲመጣ አንድ ድግግሞሽ አለቀ። 60 ሴንቲሜትር አካባቢ የሆነ ድግግሞሽ የተለመደ ነው። ለባለ 6 ጎን ብሎክ ስድስት ድግግሞሽ ያስፈልጋል። ስለዚህ 3 ሜትር ከ60 ጨርቅ ይፈጃል ማለት ነው፤ ትንሽ ትርፍ ቢኖር ይመረጣል።

ጨርቁ በየድግግሞሹ ወደ ስድስት ቁራጮች ይቆረጥና አንዱ በሌላው ላይ ይነጠፋል። ጠርዝን ከጠርዝ ማስተካከል አይበቃም፤ መግጠም ያለበት ሥዕሉ ከሥዕሉ ነው። ለዚህ ግልጽ የሆነ ነጥብ ይፈለጋል፤ የአበባው እምብርት ወይም የቅጠሉ ሹል ጫፍ ይሆናል። ስፒሉን ላይኛው ጨርቅ ላይ እዚያ ነጥብ ትወጋላችሁ። ገለጥ አድርጋችሁ ሁለተኛውን በዚያው ነጥብ፣ ሶስተኛውንም እንዲሁ፣ እስከ ስድስተኛው ድረስ። ስፒሉ ቀጥ ብሎ ከቆመ ንብርብሩ ገጥሟል። ካጋደለ አንዱ ሸርተት ብሏል። ይህንኑ አራት አምስት ቦታ ላይ መድገም ያሰለቻል፤ ግን የሥራው ነፍስ እዚህ ናት። እዚህ ላይ ለጥቂት ሚሊሜትር የሳተ ንብርብር መሃሉ የተሰበረ ኮከብ ያወጣል፤ በኋላ ቢፈቱት ቢሰፉት አይድንም።

ከዚያ በማስመሪያና በክብ ስለት መቁረጫ መጀመሪያ ረጅም ሰቅ፣ ቀጥሎ ከሰቁ ላይ ባለ 60 ዲግሪ ሶስት ማዕዘን ይቆረጣል። ስድስቱም ንብርብር በአንዴ። ስድስት ጊዜ 60፣ 360 ነው፤ ክቡ ሞላ። እያንዳንዱ ጫፍ በ1 ዲግሪ ብቻ ቢሰፋ ግን 6 ዲግሪ ይተርፍና ብሎኩ ተነጥፎ አልተኛም ይላል። በ8 ቁራጭ መሥራትም ይቻላል፤ ያኔ መሃል የሚገናኘው ጫፍ 45 ዲግሪ ይሆናል።

ደስ የሚለው ክፍል ከመስፋት በፊት ነው። ሶስት ማዕዘኑ ሶስት ጫፍ ስላለው፣ የትኛውን ወደ መሃል እንደምታዞሩት ምርጫው የእናንተ ነው። ከአንድ ንብርብር ሶስት የማይመሳሰሉ ንድፎች ይወጣሉ። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ማዟዟር ነው።

አንድ ነገር ግን ሰውን ያሳስታል። ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ብሩስተር በ1816 እ.ኤ.አ. የፈጠረው ካሌይዶስኮፕ ውስጥ መስታወት አለ። መስታወት ምስሉን ይገለብጣል፤ ግራው ቀኝ ይሆናል። ጨርቁ ግን አይገለበጥም፤ ስድስቱም ቁራጮች ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ። ስለዚህ ብሎኩ ላይ የሚታየው ልጆች ከወረቀት እንደሚሠሩት የነፋስ ማሽከርከሪያ የሚዞር ንድፍ ነው። ሁለት መስታወት ጨርቁ ላይ አቁሞ አስቀድሞ ማየት የሚወዱ አሉ። ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል፤ ውጤቱን ግን ልክ እንዳለ አያሳይም።

ለጨርቅ ምርጫ ውበት ብዙም አይረዳም። እኔ ብጠየቅ፣ ቀሚስ ይሁን ቢባል ማንም የማይለብሰውን ዥንጉርጉር ጨርቅ አስቀድማለሁ። ሥዕሉ ትልልቅ ይሁን፣ ቀለሙ ደማቅና ፈዛዛ የተቀላቀለበት ይሁን፣ ባዶ መደቡ ይነስ። በእኩል ርቀት የተበተኑ ጥቃቅን ነጠብጣቦች አይሆኑም፤ የትም ቢቆረጡ ያው ናቸው።

ስፌቱ ላይ መጠንቀቅ ያለባችሁ ስለመለጠጥ ነው። ከሶስቱ ጎኖች ሁለቱ ድሩንም ማጉንም ሳይከተሉ በሰያፍ የተቆረጡ ናቸው፤ ትንሽ ሲጎተቱ ይረዝማሉ። ጨርቁን ከመቁረጥ በፊት ስታርች ነፍቶ መተኮስ ይረዳል። ስትተኩሱም ካውያውን አትጎትቱ፤ ጫን አድርጋችሁ አንሱት። ሶስት ሶስቱን ሰፍታችሁ ሁለት ግማሽ ብሎክ ሥሩ፤ የመሃሉን ስፌት ግን ለጊዜው ተዉት። ግማሾቹ በረድፍ ከተሰፉ በኋላ ረድፍ ከረድፍ ሲጋጠም እሱም አብሮ ይዘጋል፤ ማዕዘን ውስጥ ገብቶ የመስፋት ጣጣ አይኖርም። እስከዚያ የአንድ ብሎክ ሁለት ግማሾች በስፒል ተያይዘው ይቀመጡ። ከተደባለቁ የትኛው የማን እንደሆነ መፈለግ ራስ ምታት ነው።