ሂትን መድገም ወይስ ስታይል መቀየር?

አንድ ዘፈን ሂት ሲሆን ሙዚቀኛው ጥያቄ ይመጣበታል። ያንኑ ይድገም ወይስ ስታይሉን ይቀይር? ብዙዎቹ ይደግማሉ። አሳታሚው የሚሸጠውን ያውቃል። ኮንሰርት የሚገባ ሰውም አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው ግጥሙን በቃሉ የያዘውን ዘፈን ነው።

መድገምን በግልጽ የሥራ ዘዴ ካደረጉት አንዱ የዲትሮይቱ የሙዚቃ ኩባንያ ሞታውን ነው። መሥራቹ ቤሪ ጎርዲ ቀደም ሲል መኪና መገጣጠሚያ ውስጥ ሠርቷል፤ አሠራሩንም ከዚያ ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1965 ፎር ቶፕስ የተባለው የሞታውን ቡድን በአሜሪካ አንደኛ የወጣ ዘፈን ነበረው። ያንን ዘፈን የጻፉት እነዚያው ደራሲዎች በጣም የሚመሳሰል ዜማ በጥድፊያ አሰናዱለት። ርዕሱም ሳይቀር «ያው የድሮው ዘፈን ነው» ይላል። ድፍረታቸው ያስቃል፤ ግን ተሳካላቸው፣ አምስተኛ ደረጃ ደረሰ።

መድገም ሁልጊዜ ስንፍና አይደለም። ኤሲዲሲ የተባለው ባንድ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በዚያው የጊታር ሮክ ዘልቆ ስታዲየም ይሞላል። ብዙ የብሉዝ ዘፈኖችም የሚሠሩት በአንድ ዓይነት የአሥራ ሁለት ባር (የምት ክፍል) ቅርጽ ነው። ልዩነቱ አጨዋወቱ ላይ ነው።

መቀየር ግን ዋጋ ያስከፍላል። በአኩስቲክ ጊታር የሚታወቀው የፎክ ዘፋኝ ቦብ ዲላን በ1965 በኒውፖርት ፎክ ፌስቲቫል ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ሲወጣ ከታዳሚው ከፊሉ ጮኸበት። ሬዲዮሄድ የተባለው የሮክ ባንድ በ2000 ጊታሩን ወደ ኋላ ገፍቶ በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መጣ፤ አስቀድሞ ነጠላ ዘፈን እንኳ አልለቀቀም። አልበሙ አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ሆነ። የተሳካላቸው ሰዎች፣ በእኔ ግምት፣ አንድ ነገር ሳይነኩ ይተዋሉ። ማይልስ ዴቪስ በ1959 ከሠራው ረጋ ያለ ጃዝ ተነስቶ በ1970 ኤሌክትሪክ ፒያኖና ጊታር ውስጥ ገባ። የትራምፔቱ አነፋፍ ግን ያው የእሱ ነው።

ነገሩ ፍርድ ቤት ድረስም ሄዷል። በ1983 የሙዚቃ ኩባንያው ጌፈን ሬከርድስ የራሱን ዘፋኝ ኒል ያንግን ከሰሰ። ጥፋቱ? ሙዚቃው የቀድሞውን ኒል ያንግ አይመስልም፣ አይሸጥምም ተባለ። ኩባንያው በኋላ ክሱን አንስቶ ይቅርታ ጠየቀ። የሮክ ዘፋኙ ጆን ፎገርቲ ደግሞ በተቃራኒው ራሱን በመምሰሉ ተከሰሰ። በ1984 መጨረሻ ያወጣው ዘፈን፣ መብቱ በፋንታሲ ኩባንያ እጅ ያለውን የራሱን የድሮ ሥራ ይገለብጣል ተባለ። በ1988 ጊታሩን ይዞ ምስክር ሳጥን ውስጥ ገባና እየተጫወተ አስረዳ፤ ጁሪውም (ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች) ፈረደለት። የጠበቃ ወጪው ክርክር በ1994 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በመጨረሻ ፋንታሲ ከ1.3 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍለው ተወሰነ።