«ሥሩ ከተነካ ይሞታል» እና ሌሎች ስለ እናት ተክል የሚነገሩ ስህተቶች

እናት ተክል የምንለው ለአበባ ወይም ለፍሬ ሳይሆን ቀንበጥ እንዲቆረጥበት የሚያዝ ተክል ነው። ቀንበጡ ሥር ሲያወጣ እናቱን የመሰለ ሌላ ተክል ይሆናል። ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በአንድ ማሰሮ ወይም ባልዲ ውስጥ ስለሚቆይ ዋናው ጣጣ ያለው ከታች ነው፤ ሥሩ ቦታ ያጥረዋል። ብዙ ሰው ግን የሚያየው ቅጠሉን ብቻ ነው።

«ሥሩ ከተነካ ተክሉ ይሞታል»

ውሃና ንጥረ ነገር በብዛት የሚስበው ወፍራሙ አሮጌ ሥር አይደለም። ቀጭኑና ነጩ፣ ከጫፉ ትንሽ ገባ ብሎ የሥር ፀጉር ያወጣው ክፍል ነው። ማሰሮ ውስጥ ብዙ የቆየ ተክል ሲነቀል የማሰሮውን ቅርጽ እንደያዘ ይወጣል፦ ጎኑን የተጠመጠመ ሥር፣ ከታች የተነጠፈ የሥር ምንጣፍ፣ መሃሉ ላይ ውሃ የማይደርሰው ደረቅ አፈር። ይህ ሲቆረጥ ከቁርጡ ኋላ አዳዲስ የጎን ሥሮች ይወጣሉ፤ ጫፉ የተቀነጠሰ ቅርንጫፍ በጎኑ እንደሚያቆጠቁጠው ማለት ነው።

ልክ ግን አለው። ጤናማ ከሆነ ተክል በአንድ ጊዜ ከሥሩ አንድ ሦስተኛ በላይ አለመቁረጥ ጥሩ ድንበር ነው። የታችኛውን ምንጣፍ በስለታም ቢላ ቆርጦ ማንሳት፣ ጎኑን ሦስት አራት ቦታ ከላይ ወደ ታች መሰንጠቅ፣ የተጠመጠመውን በጣት መፍታት፣ ከዚያ በዚያው ማሰሮ በአዲስ አፈር መልሶ መትከል ነው። የታመመ ወይም የጠወለገ ተክል ላይ ግን አይሞከርም። እንደ ፓፓያ ያሉ፣ ሥራቸው ሲነካ የማይወዱ ተክሎችም አሉ፤ እነሱን መተው ይሻላል።

«ከታች ስለተቆረጠ ከላይ አይነካ»

የተቀነሰ ሥር ያንኑ ሁሉ ቅጠል ውሃ ማጠጣት ያቅተዋል። ስለዚህ ቀንበጥ የሚለቀምበትንና ሥር የሚከረከምበትን ቀን አንድ ማድረግ ይበጃል። ቅደም ተከተሉ ግን ይጠበቅ፦ በጠዋት፣ ተክሉ ውሃ ጠግቦ ሳለ መጀመሪያ ቀንበጡ ይቆረጣል፤ ሥሩ ከዚያ በኋላ ነው።

«እንዲያገግም ማዳበሪያና ውሃ ይጨመርለት»

በእኔ ግምት ከመቀሱ ይልቅ ብዙ እናት ተክል የሚጨርሰው ይህ ነው። ሥሩ የቀነሰ ተክል የሚጠጣው ውሃም ይቀንሳል። አፈሩ ሲጨቀይ አየር ያጣል፣ ቁስሉም ይበሰብሳል። የማዳበሪያ ጨው ሲበዛ ደግሞ ሥሩ ውሃ መሳብ ያቅተዋል። ከተተከለ በኋላ አፈሩ ከሥሩ ጋር እንዲጣበቅ አንዴ በደንብ ይጠጣ፤ ቀጣዩ ውሃ የላይኛው አፈር በጣት ሲነካ ደረቅ ከሆነ በኋላ ነው። አንድ ሁለት ሳምንት ከጠንካራ ፀሐይና ከነፋስ ይራቅ። እኩለ ቀን ላይ ጠውልጎ ማታ ከተነሳ አይደንግጡ፣ ውሃም አይጨምሩ። ማዳበሪያው አዲስ ቅጠል ሲታይ በግማሽ መጠን ይጀመራል።

«በሃይድሮፖኒክስ ቡናማ ሥር ሁሉ የበሰበሰ ነው»

ሃይድሮፖኒክስ ያለ አፈር፣ ማዳበሪያ በተሟሟበት ውሃ ተክል ማሳደግ ነው። የማዳበሪያው ቀለምም ሥርን ያጠይማል። የሚለየው በእጅና በአፍንጫ ነው። ሥሩን በሁለት ጣት ይዘው ሳብ ሲያደርጉ ቆዳው ተንሸራቶ መሃሉ ላይ ክር ብቻ ከቀረ፣ ከሙልጭልጭታውና ከመጥፎ ሽታው ጋር፣ በስብሷል። ጠንካራ ከሆነ ይተዉት። የበሰበሰውን ቆርጦ ውሃውን እንደነበረ መተው ግን ከንቱ ድካም ነው። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፦ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ገደማ፣ በ30 ዲግሪ 7.5 ገደማ። ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ማቆየትና የአየር ፓምፑን አለማጥፋት ከመቀሱ ይቀድማል። ጤናማ ሥርም ቢሆን ቱቦ መዝጋት ከጀመረ የተንጠለጠለው ጫፍ ይከርከም፤ ቁርጥራጩ ውሃው ውስጥ እንዳይቀር ብቻ።

«ትልቅ ማሰሮ ከተገኘ መከርከም አያስፈልግም» የሚሉም አሉ። ከሥሩ እጅግ የሚበልጥ አፈር ሳይደርቅ ይቆያል፤ ትልቁ ማሰሮም አንድ ቀን ይሞላል።

«እናቲቱ ስታረጅ ዘሯ ይደክማል»

ቀንበጥ ከቀንበጥ ስለተባዛ ብቻ ዘሩ አይደክምም። አልፎ አልፎ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ድንገተኛ የዘር ለውጥ ሊታይ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ «ደከመ» የሚባለው ግን ቫይረስና ተባይ የተጠራቀመበት ወይም እንጨት የሆነ ተክል ነው። እንጨት ከሆነ ቅርንጫፍ የተቆረጠ ቀንበጥ ሥር ማውጣት ያስቸግረዋል። መፍትሔው ከጤናማዋ እናት የተሻለውን ቀንበጥ አሳድጎ ቦታዋን እንዲይዝ ማድረግ ነው። ቢላውም ከተክል ወደ ተክል ሲያልፍ ይጽዳ። 70 በመቶ አልኮል ለባክቴሪያና ለብዙ ፈንገስ ይበቃል፤ እንደ ትምባሆ ሞዛይክ ላለ ቫይረስ ግን አስተማማኝ አይደለም። እዚያ ላይ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ይሻላል፤ ብረቱን ስለሚበላ በኋላ ይታጠብ።

«ናይትሮጅን በበዛ ቁጥር ቀንበጡ ይበዛል»

ይበዛል፤ ግን ለስላሳና ውሃማ ሆኖ ሥር ሳያወጣ ይበሰብሳል። ለቀማው ሲቃረብ ናይትሮጅኑን መቀነስ ያዋጣል።

የብርሃን ነገርም ይረሳል። ክሪሳንተመም የሚባለው አበባ ሌሊቱ ሲረዝም እምቡጥ ይቋጥራል፤ እምቡጥ የያዘ ቀንበጥ ደግሞ ለማባዛት አይመችም። እናቲቱን በቅጠል ለማቆየት እኩለ ሌሊት ላይ ለተወሰነ ሰዓት መብራት አብርቶ ጨለማውን ለሁለት መክፈል ይበቃል።