«ምንም መጥፎ ነገር የለውም እኮ»፦ የልጆች ፊልም ስንመርጥ የሚያሳስቱን አመለካከቶች

ልጅ ፊልም ባየ ማግስት ሌሊት እየባነነ ሲያለቅስ ብዙ ወላጅ ግራ ይገባዋል። ፊልሙ እርቃን የለው፣ ደም የለው፣ ስድብ የለው። እኛ የምንፈትሸው እነዚህን ሦስቱን ነው፤ ልጁን ያስፈራው ግን ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ውጭ ነው።

«ካርቱን ከሆነ የልጅ ነው»

አኒሜሽን የአሠራር ዘዴ እንጂ የዕድሜ ምልክት አይደለም። ለአዋቂ ታስበው የተሠሩ ካርቱኖች ሞልተዋል። መዛኞችም በዚህ ተቸግረዋል፦ የብሪታኒያው የፊልም መዛኝ ተቋም «ዋተርሺፕ ዳውን» የተባለውን የጥንቸሎች ካርቱን እ.ኤ.አ. በ1978 ለሁሉም ዕድሜ ፈቅዶት ነበር። ጥንቸሎቹ ግን ሲነካከሱ ይደማሉ፣ ይሞታሉ። ተቋሙ በ2022 ፊልሙን የወላጅ ክትትል ወደሚያሻው ደረጃ ከፍ አደረገው።

«ፒጂ ከተባለ አያሳስብም»

ፒጂ የተባለው የፊልም ደረጃ «ለልጅ ይሆናል» ማለት አይደለም። በአሜሪካው ምዘና ትርጉሙ «ለልጆች የማይሆን ነገር ሊኖርበት ይችላልና ወላጅ ይወስን» ነው፤ ኃላፊነቱን መልሶ ለእኛ ያስረክባል። ፊልሙ መቼ እንደተሠራም መታየት አለበት። ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ይበልጥ የሚያስጠነቅቀው ፒጂ-13 የመጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ከዚያ በፊት በፒጂና ጥብቅ በሆነው «አር» በተባለው ደረጃ መካከል ሌላ ደረጃ ስላልነበረ፣ የድሮ ፒጂ ፊልም ዛሬ ከምንጠብቀው በላይ የሚያስደነግጥ ትዕይንት ሊኖረው ይችላል።

የዕድሜ ቁጥሩም ከአገር አገር ይለያያል። ጀርመን 0፣ 6፣ 12፣ 16 እና 18 ብላ ትመድባለች። አሜሪካ በጥቅሉ በእርቃንና በስድብ ላይ ጠንከር ስትል፣ ብዙ የአውሮፓ አገሮች ይበልጥ የሚጠነቀቁት ለጭካኔ ነው። የኔዘርላንድን አሠራር የምወደው ከዕድሜው ጎን ምክንያቱን በምስል ስለሚያሳይ ነው፦ ጭካኔ፣ ፍርሃት፣ ወሲብ፣ አድልዎ፣ አደንዛዥ ዕፅና አልኮል፣ ጸያፍ ንግግር። ልጁን ለሚያውቅ ወላጅ ከቁጥሩ ይልቅ ምክንያቱ ይጠቅመዋል።

«ደም ከሌለው ምን ችግር አለው?»

የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጡት ጥናት ሕፃናት አንድ አዋቂ አሻንጉሊት ሲደበድብ በፊልም ካዩ በኋላ ድብደባውን ራሱን ደገሙት። ጠብታ ደም አልነበረም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት፦ የሚመታው ማን ነው? ጀግናው ነው? ይጨበጨብለታል? የተመታው ያመዋል ወይስ ተነስቶ ይሮጣል? በእኔ እምነት ቁስሉንና ለቅሶውን ከሚያሳይ ፊልም ይልቅ ዱላን የማያሳምም ጨዋታ አድርጎ የሚያቀርበው ይበልጥ ያሳስባል።

«ውሸት ነው ብዬ ነግሬዋለሁ»

ከሰባት ዓመት በታች ላለ ልጅ ይህ ብዙም አይረዳውም። የአሜሪካው ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጆአን ካንተር ለዓመታት ባጠኑት መሠረት ትንንሽ ልጆችን የሚያስፈራቸው በዓይን የሚታየው ነው፦ የተዛባ ፊት፣ ደህና የነበረ ሰው ድንገት አውሬ ሲሆን። ከፍ ያሉት ደግሞ የሚፈሩት በእውን ሊደርስ የሚችለውን ነው፦ ጠለፋ፣ ቃጠሎ፣ የእናት ሞት። አራት ዓመት የሆነውን ያስጮኸ ጭራቅ የአሥር ዓመቷን ሊያስቃት ይችላል፤ ጠፍቶ ስለቀረ ልጅ የሚተርክ ጸጥ ያለ ፊልም ደግሞ እሷን እንቅልፍ ይነሳታል። ማጽናኛውም እንደዚሁ ይለያያል። ትንሹን ማቀፍ፣ ፊልሙን ማጥፋት፣ የሚወደውን መጫወቻ ማስያዝ ይሻላል፤ ማስረዳት ለትልቋ ነው።

«ቋንቋውን አይሰማም»

ጩኸቱን፣ ሙዚቃውንና ፊቱን ግን ይረዳል።

«ትሬይለሩን አይቼዋለሁ»

ትሬይለር ፊልሙን ለመሸጥ የሚቀናበር አጭር ማስተዋወቂያ ነው፤ ከባዱ ትዕይንት ብዙ ጊዜ አይገባበትም።

«እንግዲያው የሚያስፈራና የሚያሳዝን ሁሉ ይቅር»

ይህም ስህተት ነው። ልጅ ፍርሃትን ወላጁ አጠገብ ተቀምጦ፣ ታሪኩ በደህና ሲያልቅ ሊለማመደው ይችላል። የሚያሳዝን ፊልም በሌላ ጊዜ የማይነሳ ጥያቄ ያስነሳል፤ ጥያቄው ሲመጣ አቁሞ መመለስ ነው። የሚከብደው ፍርሃቱ ሳይፈታ ሲቀር ወይም ልጁ ብቻውን ሲያይ ነው። ስለዚህ ጊዜ አጥሮ ሙሉውን አስቀድሞ ማየት ካልተቻለ፣ ከመግቢያው ይልቅ የመጨረሻውን ግማሽ ሰዓት ማየት ይበልጥ ይጠቅማል። ከባዱ ነገር በአብዛኛው የሚከማቸው እዚያ ነው፤ መፈታት አለመፈታቱም የሚታወቀው በዚያው ነው።