«ጃሩን ሰርቨሩ ሊብ ውስጥ ጣለው» እና ሌሎች የክላስ አጫጫን ስህተቶች

በሞጁል የተከፋፈለ የጃቫ ዌብ አፕሊኬሽን አልነሳ ሲል ቀድሞ የሚሰማው ምክር «ጃሩን የቶምካቱ ሊብ ፎልደር ውስጥ ጣለው» የሚለው ነው። ጃር የጃቫ ክላሶች የታሸጉበት ፋይል፣ ቶምካት ደግሞ የጃቫ ዌብ አፕሊኬሽኖችን የሚያስኬድ ሰርቨር ነው። ብዙ ጊዜ ስህተቱ ለጊዜው ስለሚጠፋ ምክሩ ይዛመታል። ከጀርባው ያለው እምነት ግን የተሳሳተ ነው፦ የፓኬጁና የክላሱ ስም አንድ ከሆነ ክላሱም አንድ ነው የሚል።

አይደለም። ጄቪኤም (የጃቫ ፕሮግራምን የሚያስኬደው ማሽን) ክላስን የሚለየው በሙሉ ስሙና በጫነው ክላስሎደር (ክላሶችን ፈልጎ ወደ ሜሞሪ በሚያስገባው ክፍል) ነው። አንድ የክላስ ፋይል፣ አንዲት ባይት ሳትቀየርበት፣ በሁለት ክላስሎደሮች ከተጫነ ሁለት የተለያዩ ታይፖች ይሆናል። ኦርደር በሚባል ክላስ ላይ «ኦርደር ወደ ኦርደር ካስት አይደረግም» (ወደዚያ ታይፕ አይለወጥም) የሚለው ክላስ ካስት ኤክሴፕሽን የሚመጣው ከዚህ ነው እንጂ ጄቪኤሙ አብዶ አይደለም።

ቶምካት በዲፎልት የጄቪኤሙን ክላሶች አስቀድሞ ያያል፤ ቀጥሎ የዌብ-ኢንፍ ክላስስን (የአፕሊኬሽኑ የራሱ ክላሶች ያሉበትን ፎልደር)፣ ከዚያ የዌብ-ኢንፍ ሊብን (የአፕሊኬሽኑ የራሱ ጃሮች ያሉበትን) ይፈትሻል። የጋራው ሊብ፣ ማለትም አፕሊኬሽኖች ሁሉ የሚጋሩት የቶምካቱ ሊብ ፎልደር፣ መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ጃሩ ሁለቱም ቦታ ካለ አፕሊኬሽኑ የራሱን፣ በጋራው ሊብ ያለው ኮድ ደግሞ የጋራውን ይጠቀማል፤ ኦብጀክት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ይፈነዳል። ከዋሩ (አፕሊኬሽኑ ከታሸገበት ፋይል) አውጥተህ ወደ ጋራው ብቻ ብታዛውረውም አላመለጥክም። የላይኛው (የጋራው) ክላስሎደር ታች ያለውን (የአፕሊኬሽኑን) አያይም፤ ጃሩ የሚፈልገው ሌላ ጃር ዋሩ ውስጥ ከቀረ «ክላሱ አልተገኘም» ይላል። ያኔ ሌላ ጃር ይጨመራል፣ ከዚያም ሌላ። ይባስ ብሎ፣ የጋራው ጃር በስታቲክ ፊልድ የአፕሊኬሽኑን ክላስ ከያዘ፣ ዋሩ ከሰርቨሩ ሲወገድ የአፕሊኬሽኑ ክላስሎደር ከሜሞሪ አይለቀቅም፤ ደጋግሞ ዲፕሎይ ሲደረግ ሜታስፔስ (የክላሶች መረጃ የሚቀመጥበት የሜሞሪ ክፍል) ይሞላል። የጋራው ሊብ በእርግጥ ከሚያስፈልጋቸው አንዱ የዳታቤዝ ድራይቨር ነው፤ እሱም የኮኔክሽን ፑሉን (ለአገልግሎት ተዘጋጅተው የሚቆዩትን የዳታቤዝ ግንኙነቶች) ራሱ ቶምካት ሲያስተዳድረው።

ክላሱ ከየት እንደተጫነ ከመገመት ይልቅ ጄቪኤሙን ጠይቁት። የተጠረጠረውን ክላስ ክላስሎደርና የተገኘበትን ጃር (በፕሮቴክሽን ዶሜይኑ ኮድ ሶርስ በኩል) ሎግ ላይ አትሙ። ከጃቫ 9 ወዲህ የክላስ ሎድ ሎግን መክፈት፣ በጃቫ 8 ደግሞ ቨርቦዝ ክላስ የሚባለው አማራጭ፣ እያንዳንዱ ክላስ ከየት እንደመጣ ያሳያል።

ሌሎች የሚሰሙ የተሳሳቱ እምነቶችም እነሆ። «ሜቨን (ፕሮጀክቱን የሚገነባውና ጃሮቹን የሚያመጣው መሣሪያ) አዲሱን ቨርዥን ይመርጣል።» በዲፎልት እንዲያ የሚያደርገው ሌላው መሣሪያ፣ ግሬድል፣ ነው። ሜቨን ለፕሮጀክቱ ሥር የቀረበውን ይወስዳል፤ ርቀታቸው እኩል ከሆነ ቀድሞ የተጻፈውን። አሮጌው አሸንፎ «ሜተዱ የለም» የሚል ስህተት ሲመጣ የዲፔንደንሲ ትሪውን (የትኛው ጃር በየት በኩል እንደመጣ የሚያሳየውን ዛፍ) አውጡ፤ ቨርዥኑንም በፓረንት ፖሙ (ሞጁሎቹ በሚጋሩት የሜቨን ፋይል) ዲፔንደንሲ ማኔጅመንት ውስጥ ወስኑት።

«ጃሮች በፊደል ተራ ይጫናሉ።» ከቶምካት 8 ጀምሮ ተራው ዋስትና የለውም። የተደጋገመ ጃር ያለው አፕሊኬሽን በላፕቶፕ ሠርቶ ሰርቨር ላይ ሲወድቅ አንዱ ሰበብ ይኸው ነው።

«የጃቫ 9 ሞጁሎች ይህን ሁሉ ፈቱት።» ዌብ-ኢንፍ ሊብ ውስጥ የገባ ጃር ስም-የለሹ ሞጁል ውስጥ ነው የሚወድቀው፤ የጻፋችሁትን የሞጁል ዲስክሪፕተር (ሞጁሉን የሚገልጸውን ፋይል) እዚያ የሚያከብር የለም።

«ፓኬጁ ከተለየ ስም አይጋጭም።» ለጄቪኤም እውነት ነው፤ ለስፕሪንግ (ለጃቫ ፍሬምዎርኩ) ግን አይደለም። ስፕሪንግ ስካን ላደረገው ቢን (ራሱ ፈጥሮ ለሚያስተዳድረው ኦብጀክት) ስም የሚያወጣው ከክላሱ አጭር ስም ስለሆነ፣ በሁለት ሞጁል ያለ ዩዘር ሰርቪስ አፕሊኬሽኑን ገና ሲነሳ ይጥለዋል። ለቢኑ ግልጽ ስም ስጡት፤ ወይም ከስፕሪንግ 5.2.3 ጀምሮ ያለውን፣ ሙሉ ስም የሚጠቀመውን ኔም ጄኔሬተር ኮምፖነንት ስካኑ ላይ አስገቡ። የኮንፊግ ፋይልም እንዲሁ ነው፦ ሁለት ሞጁሎች አንድ ስም ያለው ፋይል በየጃራቸው ሥር ላይ ካስቀመጡ ጌት ሪሶርስ (ፋይሉን የሚፈልገው ሜተድ) መጀመሪያ ያገኘውን ብቻ ይመልሳል፤ የፋይሉ ስም ላይ የሞጁሉን ስም ጨምሩ።

ሁለት ቨርዥን የግድ አብረው መኖር ካለባቸው የሜቨን ሼድ ፕለጊን የአንዱን ፓኬጅ ስም ባይትኮዱ ውስጥ ይቀይርላችኋል። ሜታ-ኢንፍ ሰርቪስስ ሥር ያሉት፣ የሰርቪስ ክላሶችን ስም የሚይዙት ፋይሎች ግን የሰርቪስ ትራንስፎርመሩን ካልጨመራችሁ የድሮውን ስም እንደያዙ ይቀራሉ፤ በሰርቪስ ሎደር የሚፈለገው ክላስም አይገኝም።