በጡትና በብልት ምርመራ ጊዜ የታዛቢ መገኘት፦ የብሪታንያ አሠራር

በብሪታንያ ሕክምና ታዛቢ የሚባለው፣ ሐኪም የታካሚን ጡት፣ ብልት ወይም ፊንጢጣ ሲመረምር ክፍሉ ውስጥ የሚገኝ ገለልተኛ ሦስተኛ ሰው ነው። ይህን ከባድ ኃላፊነት አብዛኛውን ጊዜ የሚወጡት ነርሶችና ሌሎች የሠለጠኑ የጤና ሠራተኞች ናቸው።

ጉዳዩ በጥብቅ መታየት የጀመረው በኬንት ይሠራ በነበረው በሐኪም ክሊፎርድ ኤይሊንግ ምክንያት ነው። ኤይሊንግ በሴት ታካሚዎቹ ላይ በምርመራ ስም ጾታዊ ጥቃት በመፈጸሙ እ.ኤ.አ. በ2000 ጥፋተኛ ተብሎ የ4 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ጉባኤም በ2004 ባወጣው ሪፖርት ታዛቢነት ሥልጠና የሚሻ ሥራ መሆኑን፣ የቤተሰብ አባል ወይም ወዳጅም ታዛቢ ሊሆን እንደማይገባ አስገንዝቧል።

የሐኪሞች ተቆጣጣሪ የሆነው ጠቅላላ የሕክምና ምክር ቤት በ2013 ያወጣው መመሪያ ግልጽና አስተዋይ ነው። ሐኪሙና ታካሚው ተመሳሳይ ፆታ ቢኖራቸውም እንኳ ሐኪሙ በተቻለ መጠን ታካሚው ታዛቢ እንዲገኝለት ይፈልግ እንደሆነ መጠየቅ አለበት። ምርመራው ለምን እንዳስፈለገ አስረድቶ ፈቃድ ይቀበላል፤ ታካሚው ልብሱን ለብቻው እንዲያወልቅ ጊዜ ይሰጠዋል፤ የታዛቢውን ማንነትም በካርዱ ላይ ይመዘግባል። ታዛቢው ምርመራው እስኪያበቃ አይወጣም፤ የሚቆመውም ሐኪሙ የሚያደርገውን ማየት በሚችልበት ቦታ ነው። ከመጋረጃ ውጭ መቆም ታዛቢነት አይደለም። በአሜሪካ የጂምናስቲክ ቡድን ሐኪም የነበረው ላሪ ናሳር አንዳንድ ታዳጊዎችን ወላጆቻቸው እዚያው ክፍል ውስጥ እያሉ እይታቸውን በሰውነቱ ከልሎ መድፈሩ የዚህን ድንጋጌ ተገቢነት ያረጋግጣል። በመሆኑም ለንደን ውስጥ ልጇን አስተርጓሚ አድርጋ የምትመጣ ኢትዮጵያዊት እናት ልጇ አብራት ብትገባም ገለልተኛ ታዛቢ ሊቀርብላት ይገባል።

ታካሚው ታዛቢ አልፈልግም ካለ ይህም ይመዘገባል፤ ሐኪሙ ያለ ታዛቢ መመርመር ካልፈለገም፣ መዘግየቱ ጤናን የማይጎዳ እስከሆነ ድረስ፣ ታካሚውን ወደ ሌላ ሐኪም ሊልከው ይችላል። የሚያከራክረው ታዛቢ የግድ ይሁን ወይስ በምርጫ የሚለው ነው። የአሜሪካ የማሕፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2020 በእነዚህ ምርመራዎች ሁሉ ታዛቢ እንዲገኝ መክሯል፤ ተጨማሪ ሰው መኖሩ ኀፍረታቸውን የሚያብስባቸው ታካሚዎች ስላሉ ግን የብሪታንያው መንገድ የተሻለ ይመስላል። በተግባር ፈተና የሚሆነው የሰው ኃይል እጥረት ነው፤ በተለይ ሐኪሙ ብቻውን በሚሠራባቸው አነስተኛ ክሊኒኮችና በቤት ለቤት ጉብኝት ጊዜ ታዛቢ ማግኘት ያስቸግራል፤ አስቸኳይ ያልሆነ ምርመራም ለሌላ ቀን ይቀጠራል።